የቅዳሜዋ ነጭ መኪና

«ስም አይጠቀስ» የሚባለውን የቴሌግራም ቻናል የከፈተችው ቤርሳቤ መሆኗን በግቢው አንድም ሰው አያውቅም ነበር። የአቦቦ ሰፋሪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ሰው ፊት መናገር ይከብዳታል፤ ለሰው ደግ ቃል መናገር ግን ትወድ ነበር። ቻናሉንም የከፈተችው ለዚሁ ነው። ተማሪው ስሙን ሳይገልጽ ሙገሳ ይልክላታል፣ እሷ አንብባ ትለጥፋለች። «ባለ ሰማያዊ ሻርፗ የአካውንቲንግ ልጅ፣ አንቺ ስታልፊ ሙቀቱ ጋብ ይላል» የሚለው የተለጠፈ ዕለት ግቢው በሙሉ ሰማያዊ ሻርፕ ሲፈልግ ዋለ።

ዶርም ውስጥ ከቤርሳቤ ተደራራቢ አልጋ ታች የምትተኛው ኛሊየፕ ነበረች፤ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ካምፕ ያደገች የኑዌር ልጅ። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ቃል ስትመርጥ እህል እንደሚለቅም ሰው ቀስ ትላለች። ቻናሉን በየቀኑ ታነባለች፤ ያልገባት ሲያጋጥማት ወደ ላይ ቀና ትልና ትጠይቃለች።

«ቤርሲ፣ ‹ደርባባ› ምን ማለት ነው?»

«የረጋች፣ የምታምር ሴት።»

«ጥሩ ቃል ነው። ለእኔ ማንም አልጻፈም።» እየሳቀች ነበር የተናገረችው፤ ቤርሳቤ ግን አልሳቀችም።

በማግስቱ ቤርሳቤ ራሷ ጻፈች፦ «ከጀዊ የመጣሽው ረጅሟ ልጅ፣ ድምፅሽን ለመስማት ስል ከክፍል ቀርቼ አላውቅም።» ኛሊየፕ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፊት ወንበር ተቀምጣ፣ እጇን እያወጣች መጠየቅ ጀመረች።

ወራት ሲያልፉ ሙገሳው እየሳሳ ሐሜቱ እየበዛ መጣ። መጀመሪያ ላይ ቤርሳቤ ሐሜቱን ታጠፋው ነበር። ሙገሳውን መቶ ሰው ሲያየው ሐሜቱን ሁለት ሺህ ሰው እንደሚያየው ስታውቅ ግን ልቧ ተንሸራተተ። ክፍል ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ልጅ፣ አሁን የግቢው ሁሉ ጆሮ በእጇ ነበር። «ስም እስካልተጠራ ምን አለበት» እያለች መለጠፍ ያዘች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፎቶ ደረሳት። ባሮ ድልድይ አጠገብ የቆመ የእርዳታ ድርጅት ነጭ መኪና ነው፤ ታርጋው ሳይቀር ይነበባል። ከፊት ወንበር ልትገባ ያለች ረጅም ልጅ አለች፤ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው። ከሥሩ «ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወሰጂው የሦስተኛ ዓመት ልጅ፣ ሰውዬው የአባትሽ እኩያ አይደለም ወይ?» ይላል። ቤርሳቤ ጀርባውን አወቀችው። ኛሊየፕ ቅዳሜ ቅዳሜ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ጀዊ እንደምትሄድም ታውቃለች፤ በምን እንደምትሄድ ግን ጠይቃት አታውቅም። ጥቂት አመነታች። «ስም የለበትም» አለችና ለቀቀችው።

ኛሊየፕ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ግቢው አይቶት ጨርሷል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ በገዛ ስሟ፣ ከፎቶው ሥር «አጎቴ ነው» ብላ ጻፈች። መልሱ ሳቅ ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ካፌ በር ላይ የቆሙት ወንዶች ባለፈች ቁጥር «አጎቴ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። እሑድ ዕለት ቤርሳቤ ፎቶውን አጠፋችው፤ ስክሪንሾቱ ግን ከግቢ ወጥቶ ከተማውን አዳርሶ ነበር።

ሰውዬው ጋትሉዋክ ይባላል፤ የኛሊየፕ እናት ወንድም፣ የእርዳታ ድርጅቱም ሹፌር ነው። ያለ ፈቃድ ሰው መጫን በድርጅቱ ክልክል ነበርና፣ ፎቶው አለቆቹ ዘንድ ሲደርስ ማክሰኞ ዕለት የመኪናውን ቁልፍ አስረክቦ ተሰናበተ። እህቱን ያስታምም የነበረው እሱ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላው መጠለያ ካምፕ፣ ወደ ትየርኪዲ፣ ሲሄድ እናቷ ያለ አስታማሚ ቀረች። ኛሊየፕም ትምህርቷን ለማቋረጥ ዊዝድሮው ሞላች።

ዕቃዋን ስታስር ቤርሳቤ ሻንጣውን ያዘችላት።

«ሁሉም ሳቀ» አለች ኛሊየፕ ዚፑን እየሳበች። «አንቺ ብቻ አልሳቅሽም።»

ቤርሳቤ ሻንጣውን አንስታ ወደ በሩ ቀደመቻት።

ሁለት ሳምንት ብቻ ቻለችው። በሦስተኛው ሳምንት ባጃጅ ይዛ ጀዊ ሄደችና ኛሊየፕን አስጠራቻት። ከመንገዱ ዳር፣ ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ቻናሉ የእኔ ነው» አለች ቤርሳቤ። «ፎቶውን የላከው ማን እንደሆነ አላውቅም። የለቀቅኩት ግን እኔ ነኝ። አንቺ መሆንሽን አውቄ ነው።»

ኛሊየፕ የወደቀ የማንጎ ቅጠል አንስታ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። ከዚያ ቤርሳቤ ያልጠበቀችውን ጠየቀች።

«የድምፄንስ ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እውነት ነበር ወይስ አዝነሽልኝ?»

ቤርሳቤ የመጣችው ላትዋሽ ነበር። «አዝኜልሽ ነው» አለች። «በኋላ ግን...»

ኛሊየፕ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ያንን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር። እናቴ ውሃ ትፈልጋለች፤ ልሂድ።»

ቤርሳቤ ግቢ እንደተመለሰች እውነቱን በስሟ ጽፋ ቻናሉን ዘጋችው። የዶርሙ ልጆች ዘጓት። በሳምንቱ ሌላ ቻናል ተከፈተ፤ የመጀመሪያ ወሬውም እሷው ነበረች።

ክረምቱ ሲገባ የኛሊየፕ እናት ማረፏን የክፍላቸው ልጅ ታንግ ለቤርሳቤ ነገራት። ጭቃውን እየረገጠች ለቅሶ ደረሰች፤ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጠች። ኛሊየፕ ለሁሉም እንዳደረገችው ለእሷም ውሃ አቀበለቻት፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም። ከትየርኪዲ የመጣው አጎቷ ጋትሉዋክ «ይህች ልጅ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ኛሊየፕ ለቀጣዩዋ ሴት ውሃ ቀዳች። «ዶርም አብረን ነበርን» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ከሩቅ መጣሽ» አለ ጋትሉዋክ። ስትነሳም ብቻዋን አትሄድም ብሎ ጃንጥላውን ዘርግቶላት እስከ አስፋልቱ ሸኛት፤ በመንገዱ ሁሉ ስለ እህቱ ደግነት እያወራላት። ቤርሳቤ ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋችው። በለቅሶው ቀን ኛሊየፕ ያልተናገረችውን እሷ እንዴት ትናገር? ባጃጁ ሲመጣ ጋትሉዋክ ለሹፌሩ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ መንገዱ ያንሸራትታል» አለው።