ሾርባው ማዶ ነው

«ይቅመሱልኝ እስቲ፤ ምኑ ነው የጎደለው?»

ሴትዮዋ ትንሽ ድስት በሁለት እጇ ይዛ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች። የምሳ ሰዓት ነው። እትዬ ጭልፋ አንዱን መጥበሻ ሲያወርዱ ሌላው ይንጣጣል፤ ልጃቸው ደግሞ ከወዲያ «ሁለት ሾርባ! አሁንም ሁለት!» እያለች ትጣራለች። በዚህ ሰዓት የሰው ኩሽና የሚገባ ወይ ደፋር ነው ወይ የጨነቀው። ይቺ የጨነቃት ናት።

እትዬ ያውቋታል። ከመንገዱ ማዶ፣ ባለ ትልቅ መስታወቱ ቤት ውስጥ፣ ከባሏ ጋር ምግብ ቤት ከከፈተች ገና ወራት ነው። የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ የመጡበት ዘመን ግን ለየቅል ነው። እትዬ እዚህ ከተማ ሲገቡ የአገራቸውን ምግብ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ዛሬ ሾርባቸውን የማያውቅ የለም፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ሳይቀሩ ይሠሩታል። «ጭልፋ» የሚለውን ስም ያወጡላቸውም ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ሳህኑን ሳይጨርስ ሊነሳ የሚቃጣውን ሰው በጭልፋ አስፈራርተው ስለሚያስቀምጡት።

ከድስቱ ቀመሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ቲማቲም ጨምረሻል።»

«አዎ።»

«ካሮትም።»

«እርስዎ እንደሚሠሩት ነው የሠራሁት፣ እትዬ።»

«እሱማ የኔ ነው! ያንቺ የታለ?»

ሴትዮዋ ድስቱን አስቀመጠች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የኔንማ ደንበኞቹ መለሱብኝ። ይሄ ኮምጣጣ ነው፣ አድሯል አሉኝ። የዚያ አገር ሾርባ እንዲህ አይደለም፤ ማዶ ሂጂና ከእትዬ ተማሪ አሉኝ። እናቴ እንዳስተማረችኝ እኮ ነው የሠራሁት! ባሌ ከዚህ ወር አናልፍም፣ እንዝጋው ይላል።»

እትዬ እሳቱን ቀነሱ። ነገሩ ገባቸው። ያ ሾርባ አገር ቤት የሚኮመጥጠው በደረቀ ቅጠል ነው። ያኔ እዚህ ከተማ ሲገቡ ቅጠሉን ቢፈልጉ፣ ገበያውን ሁሉ ቢያስሱ አጡት። ምን ያድርጉ? ቲማቲም ጨመሩ። ቲማቲሙ አልሆን ሲላቸው ካሮት አከሉ። ለጊዜው ነው ብለው ነበር። ከተማው ግን ወደደው፤ ለጊዜው የተባለው ነገር በዚያው ጸና። አሁን እናቷ ያስተማረቻትን ልጅ አላወቅሽበትም የሚላት ይኸው ከተማ ነው።

«ቅጠሉ አለሽ?»

«አለኝ፤ እናቴ በመንገደኛ ትልክልኛለች። የዛሬውም ተሠርቶ ምድጃ ላይ ነው፤ የሚበላው ጠፋ እንጂ።»

እትዬ ሽርጣቸውን መፍታት ጀመሩ።

«እማዬ፣ ወዴት ነው? ቤቱ ሙሉ እኮ ነው!» አለች ልጃቸው።

«ሾርባ የሚል ከመጣ የለም በይ።»

«ድስቱ ሞልቶ?»

«ዛሬ ሾርባው ማዶ ነው በያቸው። ይሄንን ራት እንበላዋለን።»

«በናትሽ እማዬ፣ ምን ነካሽ? በገዛ እጅሽ ደንበኛ ልትሸኚ? በዚያው ለምደው ቢቀሩስ?»

«ቢቀሩ ይቅሩ። በኔ ሾርባ የተነሳ የሰው ልጅ ቤቷን ስትዘጋ ቆሜ አላይም።»

ልጅቷ የእናቷን ዓይን አየችና ወደ ደንበኞቹ ተመለሰች።

ማዶ ያለው ቤት ጭር ብሏል። ባልየው ንጹሑን ጠረጴዛ መልሶ መላልሶ ይወለውላል። እትዬን ሲያይ ደንግጦ ወንበር ሳበ፤ ከውስጥ በኩል፣ ከመንገድ የማይታይ ቦታ። «እዚህ ይሁኑ እትዬ፤ ደንበኞችዎ እንዳያዩዎት።»

«ይዩኛ! ምን ሰረቅሁ?» አሉና መስታወቱ አጠገብ ተቀመጡ።

ሾርባው መጣ። የመጀመሪያውን ማንኪያ እንደጎረሱ ፊታቸው ጭምድድ አለ። አድሯል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ደነገጡ። ለካስ እሳቸውም እንደ ከተማው ሆነዋል! የእናታቸውን እጅ ጣዕም አፋቸው አላውቅህም አለው። እንዲህ ያለ ሐዘን ከእናታቸው ሞት ወዲህ አግኝቷቸው አያውቅም። ባልና ሚስት ቆመው ያዩዋቸዋል። እትዬ ደገሙ። ሁለተኛው ማንኪያ ላይ ኮምጣጣው ወደ ጉሮሯቸው ሲወርድ፣ የልጅነት ቤታቸው ከነጓዳው መጣባቸው። እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

በዚህ መሃል ባለታክሲው ብቅ አለ። በየቀኑ ምሳውን እትዬ ጋ የሚበላ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። በመስታወቱ አያቸውና በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«እትዬ! ልጅዎ ሾርባው ማዶ ነው ብትለኝ ቀልድ መስሎኝ! ደግሞ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ምሳዬን እየበላሁ ነው። ና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሴትዮዋ ሾርባውን አቀረበችለት። አንድ ማንኪያ ቀመሰና ሳህኑን ገፋ አደረገው።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና ይሄ ነገር አድሯል።»

ባልየው አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ አታንሺው» አሉ እትዬ። ዳቦ ቆርሰው ለባለታክሲው አቀበሉት። «አላደረም። አገር ቤት እንዲህ ነው፤ የተለየው የኔው ነው። ሁለተኛዋን ቅመስ። የመጀመሪያዋን እኔም አልወደድኳትም።»