የላዳዋ ዘይት መቼ ይቀየር?

"አቁሚ! አቁሚ ብዬሻለሁ፣ አንቺ ልጅ!"

ሰላም ታክሲዋን ከልደታ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ዳር አስጠግታ አቆመች። አያቷ ወይዘሮ የሻረግ ከጎኗ ተቀምጠው የወንበሩን ጠርዝ ጨምድደው ይዘዋል። ጠዋት ከሞተሩ የጀመረው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ብሶበታል።

"ዘይቱ ነው" አሉ የሻረግ።

"እማዬ፣ ዘይቱ ገና ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ቆጣሪውን ይዩት።"

የሻረግ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር መጨረሻ ሠላሳ ሰባት ነው። ለፍልሰታ ቅዳሴ ስትወስዳቸውም ሠላሳ ሰባት ነበር። የሰላም እናት ያረፈችበት ዕድሜ ስለሆነ ያኔ አማትበው ነበር።

"ሰላም፣ ይሄ ነገር ቆሟል።"

"የፍጥነቱ መርፌ ይሠራል እኮ!"

"መርፌው ይሠራል። ቁጥሩ ግን ከፍልሰታ ወዲህ ንቅንቅ አላለም።"

ፍልሰታ ካለፈ አምስት ወር ሆኗል። ሁለቱም የሚተዳደሩት በዚህች አሮጌ ላዳ ነው፤ ሞተሯ ከተበላሸ ሌላ ገቢ የላቸውም።

መንገደኞች ገፍተው መካኒኩ በከር ጋራዥ ድረስ አደረሷት። በከር ኮፈኑን ከፈተና የሞተሩን የላይ ክዳን ፈታ። ብረቱ ላይ ጥቁር ዝቃጭ እንደ ሬንጅ ተጋግሯል።

"አንቺ፣ ይሄ ዘይት ነው ወይስ የጫማ ቀለም?" አላት።

"ዝም በልና ሥራህን ሥራ" አለች ሰላም።

በከር ዝቃጩን በጨርቅ ሲጠርግ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ መስታወት አበራ። ሞተሩን በቁልፍ ይዞ ቀስ ብሎ አዞረው። ብረቶቹ በየተራቸው አጎነበሱ፤ በየተራቸው ቀና አሉ። የሻረግ ሳይታወቃቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ነገር ኋላ ተቀምጠዋል፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጡ አለ ብለው አስበው አያውቁም።

"ስንሄድ እንዲህ ነው የሚሆነው?"

"በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ፣ እማማ። ብረትና ብረት እንዳይነካካ በመሃል ያለው ዘይት ደግሞ ከፀጉር የሳሳ ነው።"

"ልጄ የምትሄደው በዚያ ላይ ነው?" አሉ በሹክሹክታ። "እግዚኦ!"

"ሞተሩ ይድናል። ግን አንድ ሳምንት ብትቆዩ ኖሮ…" አለ በከር።

"አታሟርት!" አሉ የሻረግ።

"ቆጣሪውን አሠራዋለሁ፤ ከዚያ በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን እቀይራለሁ" አለች ሰላም።

በከር ራሱን ነቀነቀ። "አምስት ሺህ አገር አቋራጭ ለሚሮጥ ነው። አንቺ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መንገዱ በመኪና ተዘጋግቶ ስትቆሚ ሞተሩ ይሠራል፤ ቆጣሪው ግን አይቆጥርም። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወር ቁጠሪው፤ በየሁለት ወሩ ቀይሪ።"

"በየወሩ ይቀየር እንጂ!" አሉ የሻረግ።

"ደህና ዘይት መድፋት ነው የሚሆነው፣ እማማ።"

የሻረግ ወደ ተከፈተው ሞተር ጎንበስ ብለው ብረቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

"እሺ፣ በየሁለት ወሩ ይሁን" አሉ በመጨረሻ። "ግን ወሩ በገባ በአንደኛው ቀን፣ በልደታ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አብሬያት እመጣለሁ።"

"እርስዎ ለምን ይደክማሉ?"

"ውስጡን ላየው ነዋ።"

"ዘይት ለመቀየር እኮ ይሄ ክዳን አይፈታም።"

"ለእኔ ትፈታዋለህ" አሉት።