ሦስተኛው ውሃ

እና ጨዉ እንዲወጣ ሁለቴ ቀቅሎ መድፋት፣ ሁለት ውሃ፣ ይበቃዋል ያለው ማነው፣ እናቴ አላለችም፣ እናቴ ቁጥር ጠርታ አታውቅም፣ እናቴ ቀምሳ ነው፣ አንዷን እንቡጥ በማንኪያ አውጥታ፣ እፍ ብላ፣ በፊት ጥርሷ ቆረጥ አድርጋ፣ አንድ ውሃ ይቀረዋል፣ ወይም፣ በቃው፣ ትምህርቱ ይኸው ነው፣ ዕድሜ ልኬን። እኔ ደግሞ ዛሬ መቅመስ አልችልም። ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም፣ ልቆርብ ነው፣ የእናቴ አርባ ነው፣ ልጅ በእናቷ አርባ ካልቆረበች መቼ ልትቆርብ ነው።

ድስቱ ይንተከተካል። ካፓሪው፣ በጨው የደረቀው የእሾሃሙ ቁጥቋጦ እንቡጥ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ይዞራል፣ ቀለሙ ወደ ወይራ አድልቷል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል፣ ሰናፍጭም ባሕርም የሚሸት ያ ሽታ፣ ጨው ግን አይሸትም፣ በዓይን አይታይ፣ በአፍንጫ አይያዝ፣ ዳኛው ምላስ ብቻ ነው፣ የእኔ ምላስ ደግሞ ዛሬ ታስሯል። ሞስካ፣ ረጋ በይ፣ እላለሁ ለራሴ። ገና ማለዳ ነው፣ የመጀመሪያው ደወል አልተደወለም።

ሌላ ካፓሪ ቢሆን መች እንዲህ እሆን ነበር። ይህን እናቴ ራሷ ናት የለቀመችው፣ ባለፈው ሰኔ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር፣ በዘጠና አንድ ዓመቷ፣ እሾሃሙን ቅርንጫፍ በከዘራዋ እየሳበች፣ አበባው ሳይፈነዳ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ በጨው አሽታ፣ ጣሪያ ላይ አድርቃ፣ በጨርቅ ከረጢት ከወራጁ ላይ የሰቀለችው። አንድ ከረጢት። ሌላ የለም፣ የሰቀለችውም የለችም። እጇ ደግሞ በመጨረሻ ከብዶ ነበር፣ ጨው አድርጋ ትረሳለች፣ ረስታ ትደግማለች፣ ስንቴ እንደደገመች እሷና እግዜር ናቸው የሚያውቁት። ውሃ ካነሰው የአርባው እንግዳ ዓሣውን ትቶ ወይን ጠጅ ሲጠጣ ይውላል፣ ቄሳችን አባ ለፍቴሪስማ ያለዚያም ሰበብ አይቸግራቸውም። ከበዛበት ገለባ ይሆናል፣ ይኼ ነው የሚብሰው፣ የእናቴን የመጨረሻ እጅ ቀቅዬ ደፋሁት ማለት ነው።

ግሪጎሪስን ጠራሁት፣ ባሌን፣ ቅመስልኝ እስቲ አልኩት። ቀመሰ፣ ጥሩ ነው አለ። ጨው አለው ወይ፣ አለው። በዛ ወይ፣ አልበዛም። አነሰ ወይ፣ አላነሰም። አርባ አንድ ዓመት ያቀረብኩለትን ሁሉ ጥሩ ነው ሲል የኖረ ሰው፣ ጫማውን ቀቅዬ ባቀርብለት ሎሚ አለሽ ወይ ነው የሚለኝ። ደሞ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ቅመሺና ትፊው፣ እግዜር ለአንድ እንቡጥ ብሎ አይመረምርሽም አለ። አይመረምርሽም። እሱ የሚመረምረውን ነገር ግሪጎሪስ መች ያውቃል፣ የማውቀው እኔ ነኝ።

ተይው አሁን፣ ሽንኩርቱን ክተፊ። የካፓሪው እጥፍ መሆን አለበት፣ በስሱ፣ በወይራ ዘይት ተለውሶ፣ በሸክላ ድስት ምድጃ ገብቶ እስኪቀልጥ፣ ከዚያ ጠብታ ኮምጣጤ፣ የሐዋርያት ጾም ነው፣ ዓሣው ይፈቀዳል፣ ሰዉ ግን የሚመጣው ለካፓሪው ነው፣ በእናቴ ስም፣ የአኔዛ ካፓሪ እያለ፣ አሁንም የአኔዛ ነው የሚሉት፣ እኔን ማን ይጠራኛል። ዓይኔ ያነባል። ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርቱ ብቻ አይደለም፣ እናቴ ናፍቃኛለች፣ አርባ ቀን ሙሉ በየሰበቡ እንዲህ ነኝ።

በመስኮቱ ካቡ ይታያል፣ የድንጋዩ ካብ፣ ከካቡ ወዲያ የእሷ፣ የእህቴ፣ ጭስ። እሷም ተነስታለች። የመታሰቢያው ንፍሮ የእሷ ነው፣ ካፓሪው የእኔ፣ አባ ለፍቴሪስ ናቸው እንዲህ ያካፈሉን፣ በአንድ ድስት እንዳንገናኝ። እሷ ብትቀምሰው። ከእናቴ ጎን ቆማ የተማረች እሷ ናት፣ ታላቄ ፍራንጌስካ፣ እኔ ስጫወት እሷ እፍ እያለች ትቀምስ ነበር፣ በዚህች ሲፍኖስ በተባለች ደሴት የእናቴ ምላስ ያላት አንዲት ሰው ብትኖር ያቺ ናት። ያቺ። ድሮ እትዬ ነበር የምላት፣ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ ያቺ ማለት ከጀመርኩ።

ምን አደረገችኝ ግን። አባታችን ሲሞት ማሳው ለሁለት ተከፈለ፣ ካቡን ግን ማንም አልከፈለውም፣ ካብ እንዴት ይከፈላል፣ ትልቁ የካፓሪ ቁጥቋጦ ሥሩን ከድንጋዩ ስንጥቅ ሰድዶ ግማሹ ወደ እሷ ግማሹ ወደ እኔ ይወርድ ነበር፣ ልማዱም የታወቀ ነው፣ ሁሉም ወደሱ የወረደለትን ይለቅማል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ለዓይኔ ሕክምና አቴና ከርሜ ስመለስ የእኔ ወገን ተላጭቷል፣ አንድ እንቡጥ የለም። ብጠይቃት፣ አበባ ሆኖ ከሚቀር ብዬ ነው፣ አስቀምጬልሻለሁ አለች። አስቀምጣልኝ ነበር፣ ከረጢቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን አንቺ ማነሽና ነው የእኔን የምታስቀምጭልኝ አልኩ፣ እሷም መለሰች፣ ድሮም ሌላ የደከመበትን መብላት ለምደሻል አለች፣ እኔም መለስኩ፣ ነገር ነገርን ወለደ።

ከዚያ ሦስት ቀን። ይኼን ማንም አያውቅም። ሦስት ቀን የገዛሁትን ካፓሪ እየቀቀልኩ፣ የሚፈላውን፣ ጨው የሆነውን ውሃ፣ ከእሳት እንዳወረድኩት፣ ከነድስቱ ይዤ ሄጄ ስንጥቁ ውስጥ ደፋሁት። እናቴ ከልጅነታችን ጀምሮ፣ የካፓሪ ውሃ መንገድ ላይ እንጂ ሥር ላይ አይደፋም፣ በርዶም አይደፋም እያለች ነው ያሳደገችን፣ ሳላውቅ አይደለም፣ አውቄ ነው። ወር ሳይሞላው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ፍየል ነው አሉ፣ በሽታ ነው አሉ፣ እኔም ከሰው ጋር ቆሜ ከንፈሬን መጠጥኩ። የሴት አያታችን እናት የለቀመችበት ቁጥቋጦ ነበር። ጉቶው ይኸው፣ እስከ ዛሬ።

እናቴ አንድ ወር እዚህ አንድ ወር እዚያ ትኖር ነበር፣ በካቡ ክፍተት እየተሻገረች። እህትሽ ሰላም ብላሻለች ትለኛለች፣ እዚያም ሄዳ እንደዚሁ ትላለች፣ ውሸቷን ሁለታችንም እናውቃለን፣ እግዚአብሔር ይስጣት እላለሁ። ሬሳ ሳጥኗ አጠገብ እህቴ በራስጌ እኔ በግርጌ ቆምን፣ አልተያየንም።

ፍራንጌስካ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልቆረበችም። ጽዋው ሲወጣ ወደ በሩ ፈቀቅ ትላለች። ኩራት ነው ይላል ሰው፣ እኔም ብያለሁ። እናቴ ግን አንድ ቀን፣ ልቤ ሳይጠራ አልቀርብም ትላለች እህትሽ፣ ቂም ይዤ እንዴት እቀበላለሁ ትላለች አለችኝ፣ እያየችኝ። እኔ ግን በየፋሲካው፣ በየልደቱ፣ ሻሼን አስሬ ከፊት። ቂም የያዘችው ከኋላ ትቆማለች፣ ሥሩን የቀቀለችው ከፊት። ለአባ ለፍቴሪስም ስንቱን ስናዘዝ ይኼን አልተናዘዝኩ፣ ሐሜት ብያለሁ፣ ቁጣ ብያለሁ፣ ውሃ አላልኩም። እና አሁን አንዲት እንቡጥ ቁርባኔን እንዳታፈርስብኝ ተጨንቄያለሁ። አንቺ ሴት አታፍሪም።

ደወሉ። አንደኛው።

አራት አምስት እንቡጥ በስኒ ቀዳሁ፣ ሽርጤን አልፈታሁም፣ እግሬ ነው የወሰደኝ፣ በክፍተቱ፣ በእናቴ መንገድ፣ ድንጋዩ በእሷ እግር ለስልሷል። ፍራንጌስካ ግቢዋ ውስጥ ናት፣ ንፍሮው ላይ ስኳር ነስንሳ በለውዝ መስቀል እየሠራች፣ ጀርባዋ ጎብጧል፣ መች ነው እንዲህ የጎበጠችው። ምን ብዬ ልጥራት፣ ስሟን ልጥራ፣

እትዬ፣ አልኩ።

ቀና አላለችም፣ እጇ ግን ቆመ። ልቆርብ ብዬ መቅመስ አልቻልኩም አልኳት፣ ግሪጎሪስን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ግሪጎሪስማ፣ አለች፣ ልትስቅ ምንም አልቀራት። እጇን በሽርጧ ጠረገች። አንዷን አነሳች፣ እፍ አለች፣ በፊት ጥርሷ ቆረጥ። እናቴ፣ አፏ ቁርጥ የእናቴ ነው፣ አገጯ፣ የዓይኗ አጨፋፈን፣ በሩን ያዝኩ።

አንድ ውሃ ይቀረዋል፣ አለች።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ስኒውን ይዤ ዞርኩ። ሞስካ፣ አለችኝ ከኋላዬ፣ ድምፅዋ አልተለወጠም፣ ስለ ሽንኩርት የምታወራ ነው የሚመስለው፣ ውሃውን ዛሬ እንኳ መንገድ ላይ ድፊው።

ታውቃለች።

ዘጠኝ ዓመት። መሬቱ ላይ ያለውን የለውዝ ልጣጭ ነው የማየው፣ ጉንዳን ይዞት ይሄዳል። ቁጥቋጦውን ያደረቅኩት እኔ ነኝ እትዬ፣ አልኩ፣ የምታውቀውን፣ ግን ከእኔ አፍ ያልሰማችውን። አይቼሻለሁ አለች፣ የመጀመሪያውን ቀን፣ እንፋሎቱን ከመስኮት አየሁት፣ ነገ ትመጣለች አልኩ፣ ነግራኝ ታለቅሳለች አልኩ። ለእናታችንስ፣ አልኩ። አልነገርኳትም፣ አንቺ እንድትነግሪያት ስጠብቅ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ቀን ስጠብቅ ነበር።

ከእናቴ መሞት ይልቅ ይኼ ነው የጎዳኝ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ሁለቱ ሲጠብቁኝ ኖረዋል፣ እናቴም እያየችኝ ነበር ያን ቀን፣ ልቤ ሳይጠራ ስትለኝ፣ አሁን ለማን ልነግር ነው።

ሁለተኛው ደወል። ሂጂ፣ ቁርባኑ እንዳያመልጥሽ፣ አለች ፍራንጌስካ፣ መስቀሏን ልትጨርስ ጎንበስ ብላ፣ ጣቷ ለውዙን መያዝ አቅቶታል፣ ታለቅሳለች፣ ሽንኩርት እንኳ የለም እዚህ። ስኒው ውስጥ እሷ ቆርጣ የተወቻት ግማሽ እንቡጥ አለች። በጣቴ አነሳኋት፣ አፌ ውስጥ ከተትኳት። ምን ሆነሻል፣ ምን አደረግሽ፣ አለች ቀና ብላ። አኘክኩ፣ ዋጥኩ፣ አልቆርብም፣ ዛሬ ከበሩ አጠገብ፣ ከኋላ፣ ከእሷ ጎን ነኝ፣ ጨው ነው፣ መራራም ነው፣ እውነቷን ነው እትዬ፣ አንድ ውሃ ይቀረዋል።