በዓይን ዳር

የብሩክታይት ዓይን ቀስ በቀስ ነው የከዳት። መጀመሪያ ፊደሉ ተጣመመባት፤ ቆይቶ የምታየው ሁሉ መሃሉ ላይ በጭጋግ ተጋረደ። አሁን ከፊቷ የቆመ ሰው ትከሻና ጆሮው እንጂ ዓይንና አፍንጫው አይታያትም። ሐኪሙ ዳር ዳሩ እንደማይጠፋ ነግሯታል፤ መሃሉ ግን ላይመለስ ሄዷል።

ባሏ ሀብታሙ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሶዶ ካለው ቤታቸው ጓሮ፣ እንሰቱ አጠገብ፣ ትሪ የሚያክል መስታወት በእጁ ሲሞርድና ሲወለውል ከርሞ ትልቅ ቴሌስኮፕ ሠራ። "ሲያልቅ መጀመሪያ የምታዪው አንቺ ነሽ" ይላት ነበር። ሲያልቅ ግን ነገሩን አላነሳባትም። እሷም አልጠየቀችው። ጎረቤት ሊያይ ሲመጣ ቤት ትቀመጣለች።

ኅዳር ላይ፣ ገና እንደመሸ፣ የከተማው መብራት ድርግም አለ። ጨረቃም አልነበረች። ጎረቤቶች ወደ ጓሮው መጡና የሳተርን ቀለበት እንደ ክር ቀጥኖ አይተው ተደነቁ። ሀብታሙ ቱቦውን ወደ ሰሜን አዞረ።

"ይኼ አንድሮሜዳ የሚባል ሌላ ጋላክሲ ነው። ከጎኑ አንዲት ትንሽ ጋላክሲ አለች፤ እሷን የሚያገኝ ጎበዝ ነው።"

ሁሉም ተራ በተራ አዩ።

"ጋሼ፣ መሃል ላይ ጭስ የመሰለ ነገር ታየኝ" አለች ነጋዴዋ ወይንሸት። "ትንሿ ግን የለችም።"

ብሩክታይት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። "እስቲ እኔ ልይ" አለች።

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት። ሀብታሙ እጇን ይዞ ቴሌስኮፑ ሥር ባለው በርጩማ ላይ አወጣት።

"ብሩኬ፣ ባይታይሽም..."

"ቆይ፣ አትናገር።"

መሃሉ እንደለመደችው ባዶ ነው። ዳር ላይ ግን ከዋክብት ነበሩ፤ በመካከላቸው መስታወት ላይ ያረፈ ትንፋሽ የመሰለ ነገር።

"አለች" አለች። "ሞላላ ናት። ከመሃሉ ራቅ ብላ፣ በስተቀኝ።"

ሀብታሙ ጎንበስ ብሎ አየ። እሱ ራሱ ስንት ምሽት ለፍቶ ያገኛት ትንሿ ጋላክሲ፣ በነገረችው ቦታ ላይ ነበረች።

"ደብዛዛ ነገር ቀጥ ብለው ሲያዩት ይጠፋል፤ የሚያዘው በዓይን ዳር ነው" አለ። "ይህን እያወቅኩ እንዴት ሳልጠራሽ ቀረሁ?"

"እኔስ መች መጣሁ?" አለችና ወደ ወይንሸት ዞረች። "ነይ፤ አትፍጠጪባት። ወደ ሌላ እያየሽ በጎን ጠብቂያት።"

ወይንሸት ጥቂት ቆይታ፣ "ውይ፣ እትዬ! አየኋት!" ብላ ጮኸች።

መብራቱ ተመልሶ ሰው ሲበተን ብሩክታይት፣ "ሌላስ እንዲህ የደበዘዘ ምን አለ?" ብላ ጠየቀች።

"ሞልቷል። የሶዶ መብራት እየሸፈነው ነው እንጂ።"

"እንግዲያው መብራት ወደማይበዛበት ወደ ዲምቱ፣ እህቴ ጋ እንሂድ።"

ቅዳሜ ቴሌስኮፑን ፈታተው፣ መኪና ላይ ጭነው ሄዱ። የእህቷ የሰርካለም ቤተሰብ ገና ከእራት በፊት ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። ብሩክታይት አንዴ በርጩማው ላይ ከወጣች በኋላ ያየችውን እየተናገረች ቆየች። ሀብታሙ ወረፋ ሊያስከብር ቢሞክርም አልወረደችለትም።