ሳንሱር ያልነካው ገጽ

ከማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚነት ተነስቶ በሱዳኗ አትባራ ላይ «ሁለቱ ወንዞች» የምትባለውን ጋዜጣ እስከ ጡረታው ያዘጋጀው ኡስታዝ ሲር አልኸቲም ከሞተ ዓመት አልፎታል። ወረቀቶቹን ቤተ መዛግብት ሊወስዳቸው ነውና፣ ኢኽላስ የምትባል ሠራተኛ ሳሎኑ ውስጥ ካርቶኖቹን ከፋፍታ ተቀምጣለች። ሚስቱ ሐጃ በቱል የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ወንድሟ ስለ ሀሺም የተጻፈውን።

ሀሺም በባቡር ሠራተኞች አድማ ቀን በጥይት ሲወድቅ ጋዜጣዋ ትንፍሽ አላለችም። ከተማው ሲር አልኸቲምን ፈሪ አለው። እሱ ግን ለሚስቱ፣ «ጽፌው ነበር፤ ባቢከር ሰረዘው» አላት። ባቢከር የሳንሱሩ ሹም ነው፤ ቤቱም እዚያው ሰፈር ነው። ባል ነውና አመነችው። ከዚያ ወዲህ የባቢከርን ደጃፍ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። የባቢከር ልጅ ናዚር ወንዝ የወሰደው ጊዜ እንኳ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እሷ አልሄደችም። አትባራ ላይ ለጠላትም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል! ሰው ሲያማት ኖረ፤ ለወንድሟ ስትል ቻለችው።

«የማረሚያው ገጽ ማታ ማታ ወደ ሳንሱር ይሄድ ነበር» አለች ኢኽላስ። «ያልፈቀዱትን በቀይ ሰርዘው፣ የፈቀዱት ላይ ‹ይታተም› የሚል ማኅተም መትተው ይመልሱታል። ኡስታዝ አንዱንም አልጣሉም።»

«እሱ መች ይጥላል! የተቀደደ ካልሲ እንኳ አያስጥለኝም ነበር። በይ የሀሺምን ቀን ፈልጊልኝ።»

ኢኽላስ አገኘችው። አንብባ ስትጨርስ ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ምን ሆንሽ? አንብቢልኝ እንጂ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

«ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው፣ ሐጃ። ከሥሩ የኳስ ውጤት አለ።»

«ቀዩስ?»

«ቀይ የለበትም። የማግስቱንም የሳምንቱንም አየሁት። ስለ ሀሺም ወደ ሳንሱር የተላከ ነገር የለም። ሁሉም ‹ይታተም› ነው የሚለው።»

በቱል ገጹን ተቀብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ማኅተሙ ለእሷም ዓይን ይታያል። ያንገበገባት የባሏ መፍራት አልነበረም፤ ማን የማይፈራ አለ? «ፈራሁ» ቢላት አብራው ትፈራ ነበር። ያንገበገባት ለቅሶውን ያልደረሰችው ናዚር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ባቢከር ላይ ያቄመችው በከንቱ ነበር።

«ይሄን ላስቀርልዎት?» አለች ኢኽላስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማንም አያውቅም።»

«ውሰጂው። እሱ የደበቀው ይበቃል።»

ቶቧን፣ ያን ረጅም መከናነቢያዋን፣ ተከናንባ ወጣች። እነ ባቢከር በር ላይ ስትደርስ ፊቷን ሳታዞር አንኳኳች። የከፈተችው የባቢከር ሚስት ሩቀያ ነበረች፤ አርጅታለች። በቱል እንደ ለቀስተኛ ሁለት እጆቿን ዘርግታ «አልፋቲሃ» አለች።

ሩቀያ ክው አለች። «ኧረ በአላህ! ማን ሞተ?»

«ናዚር» አለች በቱል።