አሥር ጫማ

ቁመቴ አንድ ሜትር ከስድሳ ስድስት ነው። በዚህ ቁመት አሥራ አራት ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫወትኩ። በናይሮቢ፣ በኪጋሊና በአሌክሳንድርያ ደመወዝ በላሁ፣ የኬንያን ማሊያ ለበስኩ፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ጉልበቴ እምቢ ሲል ጫማዬን ሰቀልኩ። ሰው «በዚህ ቁመት እንዴት ቻልሽው?» ሲለኝ መልሴ አንድ ነው፦ አባባ ኦቦኞ በረባሶ ስለሚያደርጉ።

ልጅ እያለሁ በሐይቁ ዳር ባለው ትምህርት ቤታችን ሜዳ ሲሠራ፣ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ፔሬስ የመንደሩን አናጢ ኦቦኞን ጠርተው «ቀለበቱ አሥር ጫማ ከፍ ይበል» አሏቸው። እሳቸውም «እሺ» አሉና ምሰሶውን መሬት ላይ አጋድመው፣ በላዩ ተረከዝና ጣት እያገናኙ በገዛ በረባሷቸው አሥር ጊዜ ለኩ። የኦቦኞ እግር ደግሞ እንደ ማንም እግር አይደለም። ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠው በረባሶ ከፊትም ከኋላም ይተርፋል። ስለዚህ የእኛ ቀለበት ከሌላው ሁሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ያኔ ማንም አላወቀም። እኛ ልጆቹ ኳሱን ወደ ሰማይ ካልወረወርን እንደማይደርስ ለመድን፣ በቃ።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ናይሮቢ ለሙከራ ስሄድ ቀለበቱ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ መሰለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ኳሶች ከሰሌዳው በላይ አልፈው ሄዱ። አራተኛው ገባ፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም። አሠልጣኙ «አንቺ ልጅ፣ ይቺን ኳስ ከየት ነው የምታወርጃት?» አለኝ። እኔን ሁለት እጥፍ የሚያህሉ ተከላካዮች እጃቸውን ቢዘረጉ አልደረሱባትም። ሙያዬ በሙሉ ይኸው ነው።

ከስምንት ዓመት በፊት ኪሱሙ ከተማ ውስጥ አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ጠየቀኝና ይህንኑ አጫወትኩት። ሳቁ ሊገድለው ደረሰ። ከዚያ «ያ ሰውዬ በትክክል ቢለኩ ኖሮ እኔን ማን ያውቀኝ ነበር? ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ» አልኩ። ሬዲዮው እስከ ሳቁ ድረስ አስተላለፈና ሙዚቃ ለቀቀ። ምስጋናው ቀረ። እኔም ሰምቼ ከሰው ጋር ሳቅኩና ወደ ኪጋሊ ተሳፈርኩ።

ዘንድሮ ጠቅልዬ ስገባ እናቴ ነገረችኝ። እናቴ ነገር አትጠቀልልም።

«ኦቦኞን ሰው የሚጠራቸው ‹አሥር ጫማ› እያለ ነው። ወፍጮ ቤት ያለው ኦማምቦ ነው የጀመረው። በር የሚያሠራቸው የለም። ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

በየገናው ስመጣ መንገድ ላይ ለምን እንደማላገኛቸው ያኔ ገባኝ። የትምህርት ቤቱን ምሰሶ ምስጥ በልቶት ስለነበር ሁለት አዳዲስ ምሰሶዎች ገዝቼ ነበር፤ የሚተከሉት ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ዕለት ኦቦኞ ቤት ሄድኩ።

ማንጎው ሥር ሆነው የሬሳ ሣጥን ሳንቃ ይልጋሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ?»

ቀና አላሉም። «ሜትር ይዘሽ ነው የመጣሽ?»

«አልያዝኩም።»

«ጥሩ። የዛሬ ደንበኞቼም አይዙም። ገብተው ይተኛሉ፣ ጠበበኝ ያለ የለም።»

ባለቤታቸው እማማ ሮዳ ሻይ ሰጡኝ። ሳልጠጣው፣ ሬዲዮው ግማሹን ብቻ እንዳወጣና ምስጋናዬን እንደቆረጠው ነገርኳቸው።

«ሬዲዮው ቆረጠው እንበል» አሉ መላጊያውን አስቀምጠው። «አንቺስ? ጉልበትሽ የታመመው አምና ነው። ከዚያ በፊት እዚህ ድረስ መራመድ አቅቶሽ ነበር?»

ሻዩን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው የእርስዎ በረባሶ ነው። ወንድሞቼን ያስተማረውም እሱ ነው። ይህን መጥቼ ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ።»

ከሳንቃው ላይ ፍቅፋቂውን ጠረጉ።

«ደግሞ ለሥራ ነው የመጣሁት። አንደኛው ቀለበት በሕጉ ይሰቀል። ሁለተኛውን ግን የድሮው ከፍታ ላይ እፈልገዋለሁ፤ ልጆቹ እንደ እኔ እንዲለምዱ። ያንን ልክ ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለም። አሥር ጫማ፣ አባባ። የእርስዎን ጫማ።»

«ያን በረባሶ ሬዲዮው ያወራ ዕለት አቃጥዬዋለሁ።»

«አንዱን ነው ያቃጠልከው» አሉ እማማ ሮዳ። ጎንበስ ብለው ከበሩ ሥር እንደ ሽብልቅ የገባውን ሌላኛውን መዘዙት። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

አባባ ኦቦኞ በረባሶውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። እመጣለሁም አልመጣም አላሉኝም።

ቅዳሜ መንደሩ ተሰበሰበ። የሕጉ ምሰሶ ቆመ፤ ሁለተኛው መሬት ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ኦቦኞ የሉም። ወይዘሮ ፔሬስ፣ አሁን ጡረተኛ፣ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። «በቃ፣ ይህንንም በሜትር እንትከለው» የሚል ድምፅ ተሰማ። እኔ እምቢ አልኩ።

ከዚያ አባባ ኦቦኞ በግቢው በር ገቡ፤ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ በረባሶውን በብብታቸው ይዘው። ማንንም ሳያዩ ተንበርክከው ከምሰሶው ሥር ጀመሩ። አንድ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሁለት። ሦስት ላይ ወይዘሮ ፔሬስ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ አራት ላይ ልጆቹ ተከተሉ፤ ሰባት ላይ መንደሩ በሙሉ ይቆጥር ነበር። አሥር ላይ አባባ ኦቦኞ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው አሰመሩ።

ምሰሶው እንደቆመ ኳሱን ሰጡኝ። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛው ወጣ፣ ወጣ፣ ወረደና ገባ።

አባባ ኦቦኞ በረባሶውን ከፍ አድርገው ሕዝቡን ዞረው አዩ።

«ዝቅ ይበል የሚል አለ?»

የወፍጮ ቤቱ ኦማምቦ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ፊት ወጣ።

«የለም፣ አባባ። ሰኞ ግን የወፍጮ ቤቴን በር ሊሠሩልኝ ይምጡ» አለ። «እሱን ብቻ በሜትር ይለኩልኝ።»

ቀድመው የሳቁት አባባ ኦቦኞ ነበሩ።