ከታች የሚጀመር ግድግዳ

የእናቴ ደረት እርጥበት አይችልም። ወንድሜ "ክረምቱ ሳይገባ ደረቅ ክፍል ካልሠራሽላት ከተማ እወስዳታለሁ" ካለኝ ወዲህ እህል አልበላ አለኝ። እናቴ ከዚህ ቤት አንዴ ከወጣች አትመለስም፤ አውቃታለሁ።

ከጓዳው ጎን አንድ ክፍል አስቀጠልኩ። ቋሚውና ጣሪያው አልቆ የቀረው ግድግዳውን ጣውላ ማልበስ ነበር። አናጢው "ቀስ በሉ" የምንለው ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ጣውላውን ጥላ ሥር ደርድሮ "ሳምንት ይረፍ" ብሎኝ ሄደ። እንጨት ምን ሠርቶ ደክሞት ነው የሚያርፈው? በሦስተኛው ቀን ደመናው ሲጠቁር መዶሻ አነሳሁ።

ግትር ነኝ፣ አልክድም። ቆንጆ ቆንጆውን መርጬ ከጣሪያው ሥር ጀመርኩ። የታችኛውን ጣውላ ጫፍ በላይኛው ላይ እየደረብኩ ወደ ታች ወረድኩና አንዱን ግድግዳ ጨረስኩ።

ቀስ በሉ መጥቶ አየ። አልተቆጣም።

"ልጄ፣ አንድ ባልዲ ውሃ አምጪ።"

"ሊጠጡ ነው አባባ?"

"ግድግዳሽ ይጠጣ። አንቺ ውስጥ ግቢና ቁሚ።"

ከላይ ለቀቀው። ውሃው በየጣውላው አፍ እየገባ ቀሚሴን አራሰው። እናቴ በሩ ላይ ሆና "እዚህ ልታስተኚኝ ነው ወይስ ልታጥቢኝ?" አለች።

ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀልን። ጣውላው ከሳምንቱ የቀረውን ቀን አረፈ፤ ለካ እርጥብ ሳለ ከተመታ ኋላ ሲደርቅ እየተኮማተረ ይሰነጠቃል። ከዚያ ሽማግሌው ከታች ጀመረ። እጁን ልንገራችሁ! ጣውላውን ዳብሶ ጉብጠቱን ያውቃል። ላይኛው ታችኛውን ሁለት ጣት ያህል ይሸፍናል፤ ከጀርባው ለነፋስ መተላለፊያ ትቶለታል። ሚስማሩን የሚመታው እንደ እኔ ተናዶ አይደለም፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ ነው። የመጨረሻው ጣውላ ጣሪያው ሥር ሲገባ ምላጭ የሚያስገባ ቀዳዳ አልቀረም።

ወንድሜ መኪና ይዞ የመጣው ዝናቡ ከነነፋሱ በሚወርድበት ቀን ነው። አዲሱ ክፍል ገብቶ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ አበሰው። መዳፉን አየው። አገላብጦ አየው። ደረቅ ነው።

"ማነው የሠራው?"

"ቀስ በሉ" አልኩ። ስለ እኔ ግድግዳ ትንፍሽ አላልኩም።

እናቴ ብርድ ልብሷን ወደ አንገቷ ሳበች። "እስኪያባራ እደር" አለችው። "የድሮው ክፍል ግን ያፈሳል፤ ባልዲውን ይዘህ ግባ።"